16 ፓች፣ 11 ዴሲቤል፦ የጎደለው ጌይን የት ገባ?

ፓች ማለት በሰሌዳ ላይ የታተመ፣ ሞገድ የሚረጭ የመዳብ ቁራጭ ነው፤ ጌይን ደግሞ አንቴናው ኃይልን በአንድ አቅጣጫ የሚያጎላበት፣ በዴሲቤል የሚለካ መጠን። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለ5.8 ጊጋኸርዝ የገመድ አልባ ግንኙነት 4 በ4 የሆነ የማይክሮስትሪፕ አንቴና ድርድር ሠራሁ። ሰሌዳው 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤፍአር4 ነው። ከፓች መሐል እስከ ፓች መሐል ያለው ርቀት ግማሽ የሞገድ ርዝመት ሲሆን፣ ሁሉም ፓቾች ኃይል የሚያገኙት ከሰሌዳው ጠርዝ ተነሥቶ እየተከፈለ በሚሄድ አንድ መስመር ነው። አንዱ ፓች ብቻውን በኮምፒውተር ሲሰላ 6.5 ዴሲቤል ስላሳየኝ፣ 16 ሲሆን 12 ዴሲቤል ይጨምራል ብዬ 18.5 ጠበቅሁ። ተሠርቶ በ5.8 ጊጋኸርዝ ሲለካ ግን 11 ብቻ ሆነ። ነጸብራቁ ዝቅ ያለውም በ5.62 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ፓቹን እንዴት ባስተካክለው ይሻላል?»

መልሴን የምጀምረው የጥያቄዎን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በመቃወም ነው። ፓቹን ለጊዜው ይተዉት፤ መስመሩን እንመልከት። የድርድር ንድፍ ሲታይ ዓይን የሚስበው በሰልፍ የቆመው ፓች ነው። ኃይሉን የሚበላው ግን በመካከሉ እየተጠማዘዘ የሚያልፈው ቀጭን መዳብና ከሥሩ ያለው ሰሌዳ ነው። የእርስዎ 7.5 ዴሲቤል በአንድ ቀዳዳ አልፈሰሰም፤ በአራት ቦታ ተከፋፍሎ ሄዷል። አራቱንም በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጉድለት እንዲያውም ጉድለት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ያልነበረ ነገር ነው። «በ16 ሲባዛ 12 ዴሲቤል ይጨምራል» የሚለው ስሌት እያንዳንዱ ፓች ከጎረቤቱ ጋር ሳይጋፋ የራሱን ድርሻ ሲያዋጣ ብቻ የሚሠራ ነው። በ5.8 ጊጋኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 51.7 ሚሊ ሜትር ነው። 6.5 ዴሲቤል አቅጣጫዊነት (ብክነት ሳይታሰብ ጨረሩ በአንድ አቅጣጫ የሚሰበሰብበት መጠን) ያለው ፓች ከሞገዱ የሚሰበስብበት ውጤታማ ስፋት፣ በሞገድ ርዝመት ካሬ ሲለካ፣ 0.36 ገደማ ይሆናል። እርስዎ ግን ለእያንዳንዱ ፓች የሰጡት ቦታ ግማሽ በግማሽ፣ ማለትም 0.25 ብቻ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን መሬት ሁለቴ ሊያርሱት አይችሉም። ጠቅላላው ድርድር ሁለት የሞገድ ርዝመት በሁለት የሞገድ ርዝመት፣ በድምሩ 4 ካሬ ነው። ይህ በአራት ፓይ ሲባዛ ወደ 50 ይመጣል፤ በዴሲቤል 17 ማለት ነው። በዚህ ስፋት ላይ በእኩል ኃይል የሚመገቡ 16 ፓቾች ይደርደሩ 60፣ በአቅጣጫዊነት ከ17 ብዙ የራቀ ነገር አያገኙም። ስለዚህ መነሻችን 18.5 ሳይሆን 17 ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የተፈጠረው ኮምፒውተሩ ያሳየዎት ቁጥር በሌላ ስም በመነበቡ ነው። የስሌት ፕሮግራሞች አቅጣጫዊነትን፣ ጌይንንና የመግቢያውን ነጸብራቅ ጭምር ያካተተውን ጌይን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቀለም ተውበው በአንድ ዓይነት ምስል ስለሚቀርቡ መምታታታቸው አያስገርምም። በኤፍአር4 ላይ የተሠራ አንድ ፓች በ5.8 ጊጋኸርዝ 6.5 ዴሲቤል ጌይን አይሰጥም፤ እርስዎ ያዩት አቅጣጫዊነቱን መሆን አለበት። ምክንያቱን በጥራት መለኪያ (ኪው ፋክተር፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በዚያ መንገድ የሚወጣው ኃይል ይበዛል) ማየት ይቻላል፦ የዚህ ሰሌዳ የብክነት መጠን 0.02 ስለሆነ፣ የሰሌዳው የራሱ ጥራት የዚያ ግልባጭ፣ ማለትም 50 ነው። የፓቹ የመርጨት ጥራት ደግሞ በዚህ ውፍረት 27 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱ ኃይሉን ሲሻሙ ወደ አየር የሚወጣው 65 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው ሰሌዳውን ያሞቃል። ይህ ወደ 2 ዴሲቤል ይጠጋል። 17 ላይ 2 ቀንሱ፤ 15።

አሁን ወደ መስመሩ። በኤፍአር4 ላይ 50 ኦም ያለው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ሰሌዳው ብቻ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.17 ዴሲቤል ይወስዳል፤ መዳቡ ደግሞ 0.01 ወይም 0.02 ይጨምርበታል። በድምሩ 0.19 እንበል። ትንሽ ይመስላል። አሁን ግን ኃይሉ ከኮኔክተሩ እስከ አንዱ ፓች የሚጓዘውን መንገድ በማስመሪያ ይለኩት። ከጠርዙ እስከ ድርድሩ መሐል ሁለት የፓች ርቀት፣ ከመሐል በየቅርንጫፉ እስከ ፓቹ ድረስ ደግሞ ሦስት የፓች ርቀት፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ 25.8 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ብክነቱም 2.5 ዴሲቤል። ልብ ይበሉ፣ መስመሩ በየመገንጠያው ቢከፈልም ብክነቱ አይከፈልም፤ እያንዳንዱ የኃይል ቅንጣት የሚጓዘው ያንኑ 13 ሴንቲ ሜትር ነውና። 15 ላይ 2.5 ሲቀነስ 12.5።

አራተኛው የፍሪኩዌንሲው መንሸራተት ነው። ኤፍአር4 የአንድ ቁስ ስም አይደለም፤ ከመስታወት ጨርቅና ከሙጫ የሚሠሩ፣ እሳትን የመቋቋም ደረጃ ያሟሉ ሰሌዳዎች የጋራ መጠሪያ ነው። የሙጫውና የጨርቁ ድርሻ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከጥቅል ጥቅል ይለያያል። ሰሌዳው ሞገድን ምን ያህል እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ዳይኤሌክትሪክ ቋሚም ከ4.2 እስከ 4.7 ሲዋዥቅ ማግኘት የተለመደ ነው። እርስዎ 4.4 ብለው አስልተው ሰሌዳው 4.7 ከሆነ፣ ለ5.8 የተቆረጠው ፓች የሚጮኸው (ሬዞናንሱ የሚገኘው) በ5.62 ነው። ያዩት ቁጥር በትክክል ይኸው ነው። የፓቹ ጠቅላላ ጥራት 17 ወይም 18 ስለሚሆን፣ 180 ሜጋኸርዝ ርቆ ሲለካ ከሚገባው ኃይል ሩብ የሚጠጋው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ 1.1 ዴሲቤል። ቀሪው 11.4 ሆነ። እርስዎ የለኩት 11 ነው። የ0.4 ልዩነቷን ለማጠፊያዎቹ፣ ለመገንጠያዎቹና ለኮኔክተሩ ብንሰጣት የሚከፋ አይኖርም። በእርግጥ እያንዳንዱ ቁጥር በእጅ የተሰላ ስለሆነ ግማሽ ዴሲቤል ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። የሒሳቡ አካሄድ ግን ይኸው ነው።

እንግዲህ ከአራቱ ውስጥ ፓቹን ራሱን የሚመለከተው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ መድኃኒቱም ርዝመቱን ከ11.7 ወደ 11.3 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ነው። ፓቹን ይተዉት ብዬ ጀምሬ 0.4 ሚሊ ሜትር ይቁረጡ ማለቴ እንደ መዋሸት አይቆጠርብኝ።

የመስመሩን ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ ልለቀው አልችልም፤ የድርድር ንድፍ ትልቁ ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። «ጌይኑ ካነሰ የፓቹን ብዛት ልጨምር» የሚል ሐሳብ ወደ አእምሮዎ መጥቶ ይሆናል። እስቲ በዚያው ሰሌዳ፣ በዚያው ርቀት እንሞክረው። ጎኑን በእጥፍ ባሳደግን ቁጥር አቅጣጫዊነቱ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የመስመሩ ርዝመትም በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ልዩነቱ ያለው የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያው 6 ሲሆን ሁለተኛው ግን በዴሲቤል ራሱ እየተባዛ መሄዱ ነው። 4 በ4 ሲሆን 17 ላይ 2.5 ተቀንሶ 14.5 ይቀራል። 8 በ8 ሲሆን አቅጣጫዊነቱ 23፣ መንገዱ 28 ሴንቲ ሜትር፣ ብክነቱ 5.4፣ ቀሪው 17.6 ነው። 16 በ16 ሲሆን 29 ላይ 11.3 ሲቀነስ 17.7። ከ64 ፓች ወደ 256 ፓች ወጥተው ያገኙት አንድ አሥረኛ ዴሲቤል ነው! ወደ 32 በ32 ከዘለቁ ደግሞ 35 ላይ 23 ተቀንሶ 12 ብቻ ይቀራል። 1024 ፓች ከ16 ፓች ያነሰ ጌይን ሰጠ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የየፓቹ 2 ዴሲቤል ገና አልተቀነሰም።

ይህ የኤፍአር4 ብቻ ችግር አይደለም፤ ማንኛውም ሰሌዳ እንዲህ ያለ ጣሪያ አለው፤ ልዩነቱ ጣሪያው የት ላይ እንደሆነ ነው። ዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 2.2፣ ብክነቱ 0.0009 በሆነው በዱሮይድ 5880 ላይ ተመሳሳይ መስመር በሴንቲ ሜትር 0.02 ዴሲቤል ብቻ ያጠፋል፤ አሥር እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። በሌላው ሰሌዳ፣ በሮጀርስ 4003ሲ ላይ፣ እንደ ውፍረቱ ከ0.03 እስከ 0.05 ይሆናል። የማይክሮስትሪፕ አንቴና ሐሳብ በተመራማሪው ዴሻምፕ አማካይነት የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1953 ሆኖ ሳለ፣ ለተግባር የበቃው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ ብክነቱ ዝቅተኛ የሆነ ጥሩ ሰሌዳ አለመኖሩ ነው። ሃያ ዓመት የጠበቀው ነገር ሰሌዳ ከሆነ፣ እርስዎም ሰሌዳውን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ ቢመርጡ መልካም ነው።

ሰሌዳ መቀየር የማይችሉ ከሆነ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ በዚያው ኤፍአር4 ላይ ከፓቹ ማሳጠር ጋር ተደምረው 4 ዴሲቤል ገደማ የሚያስገኙ ሁለት እርምጃዎች አሉ። አንደኛው በፓቾቹ መካከል ያለውን ርቀት ከግማሽ ወደ 0.75 የሞገድ ርዝመት፣ ወደ 38.8 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ነው። ስፋቱ ከ4 ወደ 9 ካሬ ስለሚያድግ የአቅጣጫዊነቱ ጣሪያ 20.5 ይሆናል፤ ፓቾቹ ያንን ስፋት ሙሉ በሙሉ ስለማይሸፍኑት 19.5 ብለን እንያዝ። ሁለተኛው ኮኔክተሩን ከጠርዝ አንሥቶ ከሰሌዳው ጀርባ፣ በድርድሩ መሐል ላይ መትከል ነው። ከጠርዝ እስከ መሐል የነበረው መንገድ ይቀርና ኃይሉ የሚጓዘው ሦስት ጊዜ 38.8፣ ማለትም 11.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ተለጥጦ እንኳን መስመሩ ከበፊቱ አጠረ! ብክነቱ 2.2 ዴሲቤል ነው። ከ19.5 ላይ ይህንን፣ የፓቹን 2 እና ለማጠፊያዎቹ የሰጠናትን 0.4 ሲቀንሱ ወደ 15 ይመጣሉ። ሰሌዳውን ወደ 4003ሲ ከቀየሩ ደግሞ በዚሁ አቀማመጥ የመስመሩ ብክነት ወደ 0.5፣ የፓቹ ወደ 0.6 ስለሚወርድ 18 አካባቢ መድረስ ይቻላል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ የ4003ሲን 0.8 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ አይምረጡ። በዚያ ውፍረት የሚያገኙት የፍሪኩዌንሲ ስፋት 90 ሜጋኸርዝ ገደማ ብቻ ነው፤ ከ5.725 እስከ 5.875 ጊጋኸርዝ ያለውን ባንድ ለመሸፈን ግን 150 ሜጋኸርዝ ያስፈልጋል። 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው 170 ያህል ይሰጣል።

«ግማሽ የሞገድ ርዝመት» የሚለው ርቀት ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም፤ መማሪያ መጻሕፍት ምሳሌ ሲሰጡ የሚወዱት ቁጥር ነው። እርሱ ግን የሚያስፈልገው ጨረሩን ወደ ጎን ለሚያዞር ድርድር ነው። የዋናው ጨረር መንታ የሆነው ግሬቲንግ ሎብ እንዳይወለድ፣ ጨረሩ እስከ 30 ዲግሪ የሚዞር ከሆነ ርቀቱ ከ0.67፣ እስከ 45 ከሆነ ከ0.59፣ እስከ 60 ከሆነ ከ0.54 የሞገድ ርዝመት መብለጥ የለበትም። የእርስዎ ድርድር ግን ቀጥታ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚመለከተው። ለእንዲህ ያለው ገደቡ አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ስለሆነ 0.75 በሰላም ይቀመጣል። ከ0.85 በላይ ግን አይሂዱ፤ ፍሪኩዌንሲው ወደ ላይ ከፍ ሲል መንታው ከአድማስ ብቅ ማለት ይጀምራል።

ርቀቱን ማሳደግ ሌላም በረከት አለው። የፓቹ ወርድ 15.7 ሚሊ ሜትር ነው። በቀድሞው አቀማመጥ በሁለት ፓቾች መካከል የቀረው ክፍተት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር፤ በዚያ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር መስመር ሲያልፍ ከፓቹ ጠርዝ በቂ ርቀት ጠብቆ የሚያልፍበት ሰፊ ቦታ የለውም። መስመር ከፓች ጠርዝ ቢያንስ የሰሌዳውን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ መራቅ አለበት። ካልራቀ የፓቹን ሬዞናንስ ይጎትታል፤ አልፎ ተርፎም የማይፈለግ ፖላራይዜሽን (የሞገዱ መስክ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ይረጫል። አሁን ክፍተቱ 23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቅርንጫፎቹንም በ50 ኦም ሳይሆን በ100 ኦም መስመር ይሥሯቸው፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሰፋው። ሁለት 100 ኦም መስመሮች ሲገናኙ 50 ይሆናሉ፤ ያንን 50 እንደገና ወደ 100 ለማሳደግ 70.7 ኦም ያለው፣ ወርዱ 1.6 ርዝመቱ 7.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የሩብ ሞገድ መስመር በመካከል ይገባል። ከዚያ ያው ጨዋታ እስከ መሐል ይደጋገማል። በየመገንጠያው መሐንዲሱ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ያስተዋወቀውን ባለ ሬዚስተር ከፋይ ማስገባት ያስፈልግ እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቃሉ፤ ለቋሚ ጨረር አያስፈልግም፤ ተራው የቲ ቅርጽ መገንጠያ ይበቃል።

መስመሩን እንደገና ሲሥሉ ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቅዎታል። ኃይሉ ከመሐል ሲነሣ፣ የላይኛው ረድፍ ፓች ከታች በኩል፣ የታችኛው ረድፍ ፓች ደግሞ ከላይ በኩል ቢመገብ ስዕሉ በጣም ያምራል፤ እንደ መስተዋት ላይና ታች እኩል ይሆናል። ችግሩ ፓቹ ከየትኛው ጎን እንደተመገበ የሚያስታውስ ነገር መሆኑ ነው። ከተቃራኒ ጎን የተመገቡ ሁለት ፓቾች በተቃራኒ ፌዝ (የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ሲወርድ) ይረጫሉ፤ ቀጥታ ወደ ፊትም አንዱ የሌላውን ያጠፋል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ 2 በ2 የሆነ ድርድር ሠርቼ፣ ነጸብራቁ ያማረ ሆኖ ሳለ ፊት ለፊት ምንም ምልክት አጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስቀያይርና ኮኔክተር ስበይድ ከረምሁ። በሦስተኛው ቀን አንቴናውን በስህተት ዘንበል አድርጌ ሳስቀምጠው ምልክቱ በድንገት ደመቀ፤ ጨረሩ ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ነበር የሚመለከተው። ነጸብራቅ ስለ ፌዝ ምንም አይናገርም። መፍትሔው ወይ ሁሉንም ፓች ከአንድ ጎን መመገብ፣ ወይ በአንደኛው ረድፍ ላይ ግማሽ የመስመር ሞገድ፣ በዚህ ሰሌዳ 14 ሚሊ ሜትር ያህል፣ መጨመር ነው። ሁለተኛው ተሻጋሪ ፖላራይዜሽንን ስለሚቀንስ እወደዋለሁ፤ ግን ለዚያ ረድፍ 0.27 ዴሲቤል ብክነት ይጨምራል፤ ከማዕከላዊው ፍሪኩዌንሲ በተራቁ መጠንም እርማቱ ይዛነፋል።

በሰሌዳው ገጽ ተይዞ የሚሄደውን የገጽ ሞገድ በተመለከተ ባጭሩ፦ በዚህ ፍሪኩዌንሲና በዚህ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ፣ የገጽ ሞገድን ለመግታት በተለምዶ የሚሠራበት የውፍረት ገደብ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእርስዎ 1.6 አልፎታል። ለ16 ፓች አደጋው ከባድ አይደለም፤ የመስክ አቅጣጫቸው በአንድ መስመር ላይ በሆኑት ጎረቤቶች መካከል መነካካቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል እንጂ ድርድሩን አያበላሸውም። ሰሌዳውን ስስ ማድረጉ ደግሞ የፍሪኩዌንሲ ስፋቱን ይበላል። ባለበት ይተዉት። የጎን ጨረሮችንም እንዲሁ። አራት እኩል ኃይል ያላቸው ፓቾች በአንድ ረድፍ ሲቆሙ የመጀመሪያው የጎን ጨረር ከዋናው 11 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ይላል። ለጠርዞቹ ኃይል በመቀነስ ይህን ማሻሻል ይቻላል፤ ነገር ግን ዋናው ጨረር ይሰፋል፣ ጌይኑም ይወርዳል። እርስዎ የመጡት ጌይን ፍለጋ ስለሆነ አይመለከትዎትም።

ከ64 ፓች በላይ የመሄድ ዕቅድ ካለዎት ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሁለት መንገዶችን ማጤን ይገባል። አንዱ ፓቾቹን በተርታ፣ አንዱ ከሌላው ጫፍ እየተቀጠለ እንዲመገብ ማድረግ ነው። መስመሩ በጣም ስለሚያጥር ብክነቱ ይቀንሳል። በ77 ጊጋኸርዝ በሚሠሩ የመኪና ራዳሮች ላይ በረድፍ የተቀጠሉ ፓቾች የሚታዩትም ለዚህ ነው። ዋጋው ፍሪኩዌንሲው ሲቀየር ጨረሩ መዘንበሉ ነው። ሌላው ተመራማሪው ፖዛር እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው፣ መስመሩን ከመሬት ንጣፉ በታች በሌላ ሰሌዳ ላይ አኑሮ በንጣፉ ላይ በተቀደደ ጠባብ ስንጥቅ በኩል ኃይሉን ወደ ፓቹ የማሳለፍ ዘዴ ነው። መስመሩ ከፓቹ ስለሚሸሸግ አይረጭም፤ ለፓቹ ወፍራምና ቀላል ሰሌዳ፣ ለመስመሩ ስስና ጥሩ ሰሌዳ ለየብቻ መምረጥም ይቻላል። ሁለቱን ሰሌዳዎች አስተካክሎ ማጣበቅ ግን በእጅ ለሚሠራ ሰው ፈተና ነው፤ ለ4 በ4 አልመክረውም።

አዲሱን ድርድር ከማሠራትዎ በፊት በአንድ ትንሽ የሙከራ ሰሌዳ ይጀምሩ። በእርሱ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ የ50 ኦም መስመሮች፣ አንዱ 5 ሌላው 15 ሴንቲ ሜትር፣ እና አንድ ብቸኛ ፓች ያሠሩበት። ሁለቱን መስመሮች በኔትወርክ አናላይዘር (የሚያልፈውንና የሚመለሰውን ምልክት በሚለካ መሣሪያ) ይለኩና የአጭሩን ብክነት ከረጅሙ ይቀንሱ። ኮኔክተሮቹ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይጠፋፋሉ፤ የሚቀረው የ10 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ብክነት ነው። በእኔ ስሌት 1.9 ዴሲቤል መሆን አለበት፤ 2.5 ከሆነ ሰሌዳዎ እኔ ከገመትሁት የባሰ ነው፣ ከላይ ያሉትን የመስመር ብክነት ቁጥሮች በሙሉ በዚያው መጠን ያርሟቸው። የመዘግየቱ ልዩነት ደግሞ 0.61 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ይሆናል፤ ከእርሱ እውነተኛውን ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ማስላት ይቻላል። ብቸኛው ፓች የሚጮህበት ፍሪኩዌንሲም ያንኑ ያረጋግጣል። ከሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው 4.4 ከዚህ በኋላ አያስፈልግዎትም። የድርድሩንም ሰሌዳ ከዚያው ጥቅል ያሠሩት፤ ከሌላ ጥቅል ከሆነ የለኩት ነገር የሌላ ሰሌዳ ነው።

ስለ ጌይን አለካክዎ ምንም አልነገሩኝም፤ የሚያስተማምን ማነጻጸሪያ አንቴና ከሌለዎት ሁለት ተመሳሳይ ድርድሮችን ሠርቶ ፊት ለፊት ማቆም ይሻላል። አዲሱ ድርድር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 22 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የሩቅ መስኩ (ጌይን በትክክል የሚለካበት ርቀት) የሚጀምረው 1.9 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 2 ሜትር ያርቋቸው። በዚያ ርቀት የነጻ ቦታ ብክነቱ 53.7 ዴሲቤል ነው። በኔትወርክ አናላይዘሩ ላይ በሚያነቡት ቁጥር ላይ 53.7 ይደምሩና ለሁለት ያካፍሉት፤ የአንዱን ጌይን ያገኛሉ። የአሁኖቹ ባለ 11 ዴሲቤል አንቴናዎች ሁለት ቢሆኑ −31.7 ይነበብ ነበር፤ አዲሶቹ ባለ 15ቱ −23.7 ማሳየት አለባቸው። አንብበው ሲጨርሱ አንደኛውን አንቴና 13 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሩብ የሞገድ ርዝመት፣ ወደ ኋላ ስበው እንደገና ያንብቡ። ቁጥሩ ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ከተለወጠ ከወለሉ ወይም ከግድግዳው የሚመለስ ሞገድ እየገባብዎት ነው። አንቴናዎቹን ከወለሉ ከፍ ያድርጓቸው፤ ከዚያም በአምስት ስድስት ቦታ እያንቀሳቀሱ አማካዩን ይውሰዱ።